ለፀሐይ የቀረበው ደጋ ለምን ይበርዳል?

የሳይንስ መምህራን ከተማሪዎቻቸው አዘውትረው ከሚሰሟቸው የተሳሳቱ መልሶች አንዱ ሙቀትን ከፀሐይ ቅርበት ጋር የሚያያይዘው ነው። ወቅቶች ለምን ይፈራረቃሉ ተብሎ ሲጠየቅ፣ ምድር ወደ ፀሐይ ስትቀርብ ይሞቃል፣ ስትርቅ ይቀዘቅዛል የሚል መልስ ይመጣል። እንዲህ የሚመልሰው ሰነፍ ተማሪ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1987 በአሜሪካ በተሠራ አንድ ዘጋቢ ፊልም፣ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የምረቃ ቀን ስለ ወቅቶች ወይም ስለ ጨረቃ ገጽታ መለዋወጥ ከተጠየቁት 23 ተመራቂዎች፣ መምህራንና የቀድሞ ተማሪዎች መካከል 21ዱ ትክክለኛውን መልስ ሳያገኙት ቀርተዋል። ስለ ወቅቶች የተጠየቁት ያነሡትም ይህንኑ የቅርበትና የርቀት ነገር ነበር። ስሕተቱ የዓለም ሁሉ ከሆነ ስለ መካነ ሰላም፣ ስለ ማሻ፣ ስለ አጅባርና ስለ አቀስታ ለይቶ መጻፍ ለምን አስፈለገ ሊባል ይችላል። እነዚህ ከተሞች የሚገኙበት የደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ ግን ይህ መልስ ስሕተት መሆኑን በየቀኑ የሚያሳይ አገር ነው፤ ሕዝቡም ማስረጃውን ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከመከፈቱ አስቀድሞ አሳምሮ ያውቀው ነበር። ታዲያ ማስረጃው በደጁ ያለ ልጅ ለምን ይሳሳታል? የእኔ መከራከሪያ ይህ ነው፦ ተማሪው የሚሳሳተው የሚያውቀው ነገር ስለሌለ አይደለም፤ እውነተኛ ትዝብት ይዞ የተሳሳተ ምክንያት ስለሚቀጥልበት ነው። የዚህ ደጋ ታሪክ ትዝብት ብቻውን ምን ያህል እንደሚያስኬድና የት ላይ እንደሚያቆም በግልጽ ያሳያል።

መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በምዕራብ በኩል መሬቱ ገደል እየሆነ ወደ ዓባይ ይወርዳል፤ በሰሜን በኩል ደግሞ በሽሎ ሌላ ጥልቅ ሸለቆ ቆርጦ ከዓባይ ጋር ይገናኛል። የሸለቆው ወለል ከከተማዋ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ከደጋው ተነሥቶ ቁልቁል የሚጓዝ ሰው በአንድ ቀን መንገድ የገብስና የባቄላውን ማሳ ጨርሶ፣ የጤፉንና የስንዴውን አልፎ፣ ማሽላ ከሚበቅልበት ቆላ ይደርሳል። ማለዳ ጋቢ ደርቦ የወጣው መንገደኛ ታች ሲደርስ ጋቢውን ጠቅልሎ ትከሻው ላይ ይጥለዋል። ሽቅብ ወደ አምባ ፈሪትና ወደ ደንቆሮ ጫካ የሚወጣው ደግሞ አስታውንና ጅብራውን ያገኛል፤ ያ ውርጭ የሚባለው፣ ቀይ ቀበሮ የሚኖርበት አገር ነው። ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ የሚለው አከፋፈል ዛሬ በጂኦግራፊ መጽሐፍ ከነሜትሩ ሰፍሮ ይገኛል፤ ወይና ደጋ ከ1,500 እስከ 2,300፣ ደጋ እስከ 3,200 ሜትር፣ ከዚያ በላይ ውርጭ። ገበሬው ግን ሜትር ሳያስፈልገው በሰብሉ፣ በከብቱና በቆዳው ለይቶት ኖሯል። የአከፋፈሉ ፍሬ ነገር አንድ ነው፤ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ይበርዳል። ለፀሐይ መቅረብ የሚያሞቅ ቢሆን ኖሮ ጋቢ የሚፈለገው በዓባይ በረሃ፣ ማሽላ የሚዘራውም በአምባ ፈሪት ትከሻ ላይ ይሆን ነበር።

ይህን ልዩነት ከሌላ ቦታ የመጡ ሰዎችም በየሸለቆው እየወረዱና እየወጡ ተምረውታል። ዓፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን ግዙፍ መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ፣ በጅዳና በበሽሎ ገደሎች ላይ መንገድ እየጠረጉ በርካታ ወራት ወስዶባቸዋል። ሊወጋቸው የመጣው የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር ጦር ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. ከደላንታ ሜዳ ወርዶ፣ በሽሎን ተሻግሮ ወደ አሮጌ ሲወጣ፣ ትናንት በብርድ የተንቀጠቀጠው ወታደር በሙቀትና በውኃ ጥም ተሠቃይቷል። ከጦሩ ጋር ጂኦግራፈሩ ክሌመንትስ ማርካምና ጂኦሎጂስቱ ዊልያም ብላንፎርድ ነበሩ። ብላንፎርድ በ1870 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የአገራችንን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ንጣፎች ሲከፋፍል የላይኛውን በመቅደላ ስም ጠርቶታል። በማሻ፣ በመቅደላ ወረዳ ዋና ከተማ፣ የሚማር ልጅ የወረዳው ስም ከ150 ዓመት በላይ በዓለም የጂኦሎጂ መጻሕፍት ውስጥ እንደኖረ ሳይነገረው ትምህርቱን ሊጨርስ መቻሉ ያስቆጫል።

ከእነርሱ በፊት ደግሞ አንቷን ዳባዲ የተባለው ፈረንሳዊ ከ1838 እስከ 1848 እ.ኤ.አ. በአገራችን ተዘዋውሮ የተራሮችን ቦታና ከፍታ ለክቷል። በዚያ ዘመን አሳሾች ከፍታ ከሚለኩባቸው መንገዶች አንዱ ውኃ ማፍላት ነበር። ከፍ ባልን ቁጥር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ ግፊቱ ሲቀንስ ውኃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል፤ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ የሚፈላ ውኃ ውስጥ ቴርሞሜትር የነከረ ሰው የቆመበትን ከፍታ አስልቶ ማግኘት ይችላል። በመካነ ሰላም ውኃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ገደማ ነው። የደጋ እናቶች ባቄላ ለመቀቀል ብዙ እንጨት የሚፈጁት፣ ቆላ ያለው ጎረቤት ከእነርሱ ቀድሞ ንፍሮውን የሚያወርደው በዚህ ነው። ተማሪው ግን ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ብሎ ይጽፋል፤ ያርሙለታል፤ ትክክል ይባላል። በባሕር ወለል ላይ የሚለው ቃል ከመልሱ ወድቆ መቅረቱን የሚያስተውል የለም። እሳቱን ባበረቱት ቁጥር የሚፈላው ውኃ እየጋለ ይሄዳል ብሎ የሚያምነውም ይኸው ተማሪ ነው፤ ክዳን በሌለው ድስት እሳት መጨመር ውኃውን ቶሎ ያተነዋል እንጂ ከመፍያ ነጥቡ በላይ አያግለውም። በአንድ የንፍሮ ድስት ዙሪያ ሁለት ትልልቅ የፊዚክስ ትምህርቶች አሉ፤ ሁለቱም ግን እንደ ባዕድ ነገር በሌላ አገር ምሳሌ ይሰጣሉ።

ወደ ቅርበቱ ጉዳይ እንመለስ። ከእኛ እስከ ፀሐይ ያለው ርቀት በአማካይ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ነው። ከሸለቆው ወለል እስከ ከተማዋ ያለው አንድ ኪሎ ሜትር ከምናምን ከዚህ አንጻር ከቁጥር አይገባም። ልዩነቱን የሚፈጥረው አየሩ ነው። የፀሐይ ብርሃን ጥርት ያለውን አየር ብዙም ሳያሞቀው አልፎ መሬቱን ይመታል፤ መሬቱ ይግላል፤ አየሩም የሚሞቀው በአብዛኛው ከሥር፣ ከመሬት በሚያገኘው ሙቀት ነው። የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲወጣ ግፊቱ ይቀንሳል፣ ይሰፋል፣ ሲሰፋም ይቀዘቅዛል። በአማካይ በአንድ ኪሎ ሜትር ከፍታ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ይወርዳል። እዚህ ላይ ነቃ ያለ ተማሪ አንድ ጥያቄ ሊያነሣ ይገባዋል፤ ደጋውስ መሬት የለውም ወይ? የደጋው መሬት የራሱን አየር እንደ ቆላው ለምን አያሞቅም? ጥያቄው እውነተኛ ጥያቄ ነው። የደጋ መሬት በእርግጥ አየሩን ያሞቃል፤ እኩለ ቀን ላይ የደጋ ፀሐይ ፊት የሚያቃጥለውም ጨረሩ ከቆላው ይልቅ ሳይቀንስ ስለሚደርስ ነው። ነገር ግን በዚያ ከፍታ ያለው አየር ስስና ደረቅ ስለሆነ የተቀበለውን ሙቀት ይዞ አያቆይም፤ ቆላው ጋቢ ደርቦ ሲያድር ደጋው በነጠላ እንደሚያድር ያህል ነው። ሰማዩ በጠራበት የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ሙቀቱ ወደ ሰማይ ያመልጣል፤ ጠዋት ባቄላው በውርጭ ተመትቶ ይገኛል። እንግዲህ ቀን በፀሐይ መቃጠልና ሌሊት በብርድ መንቀጥቀጥ ከአንድ ምንጭ የመጡ ናቸው፤ ይህን የተረዳ ልጅ የቅርበቱን መልስ ደግሞ ሊጽፍ አይችልም።

የወቅቱ ነገር ከዚህም ይበልጥ ግልጽ ነው። ምድር ፀሐይን የምትዞርበት መንገድ ፍጹም ክብ ስላልሆነ በእርግጥ የምትቀርብበትና የምትርቅበት ጊዜ አለ። የምትቀርበው በታኅሣሥ 25 ገደማ፣ ገና ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው ነው፤ ርቀቱ ወደ 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ይወርዳል። የምትርቀው በሰኔ 27 ገደማ ሲሆን 152 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ይደርሳል። አምስት ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ቀርበን የምንገኘው ደገኛው ውርጭ በሚፈራበት ሰሞን ነው ማለት ነው። ይህን አንድ እውነት ብቻ በክፍል ውስጥ መናገር የስሕተቱን ሥር ይነቅላል። ሆኖም በብዙ ክፍል የሚሆነው ሌላ ነው። መምህሩ የመጽሐፉን መልስ ይሰጣል፤ የምድር ዘንግ 23 ዲግሪ ተኩል ያዘነበለ ስለሆነ ፀሐይ ከፍ ብላ በምትታይበት ወቅት ይሞቃል ይላል። መልሱ ትክክል ነው። ተማሪው ግን በልቡ የራሱን አገር ያመሳክራል፤ በመካነ ሰላም ኬክሮስ፣ ከምድር ወገብ በሰሜን 10 ዲግሪ ከሦስት ሩብ ገደማ ላይ፣ ፀሐይ ልክ አናት ላይ የምትቆመው በሚያዝያ 10 እና በነሐሴ 19 አካባቢ ነው። ነሐሴ ደግሞ ደጋው በጉም ተሸፍኖ፣ ሰው እሳት ዳር የሚውልበት ወር ነው። ፀሐይ አናት ላይ ቆማ ይበርዳል፤ መጽሐፉ ግን ፀሐይ ከፍ ስትል ይሞቃል ይላል። እንዲህ ያለ ተቃርኖ ያጋጠመው ልጅ የመጽሐፉን መልስ ለፈተና ይሸመድደዋል፤ ለራሱ ግን ከምድጃ ዳር የተማረውን፣ እሳት የቀረበው ይሞቀዋል የሚለውን ይዞ ይቀራል።

ተቃርኖው የሚፈታው በጥቂት ዓረፍተ ነገር ነው። ለምድር ወገብ በቀረበ አገር የቀኑ ርዝመት እምብዛም አይለዋወጥም፤ በመካነ ሰላም ረጅሙ ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ የእኛን ወቅት የሚወስነው በዋናነት ሙቀት ሳይሆን ዝናብ ነው። የዘንጉ ማዘንበል ፀሐይን ወደ ሰሜን ሲያመጣት የዝናቡን መቀነት አብሯት ይስባል፤ ከጊኒ ባሕረ ሰላጤ፣ ከኮንጎ ተፋሰስና ከሕንድ ውቅያኖስ የሚነሣው እርጥበት ተራራችን ላይ ይወድቃል፤ ደመናው ፀሐይዋን ይጋርዳል። ለዚህም ነው ሞቃቱ ጊዜ ከዝናቡ በፊት፣ በሚያዝያና በግንቦት የሚመጣው። ማዘንበሉ እዚህም ምክንያት ነው፤ መንገዱ ግን የአውሮፓው አይደለም። ይህን የማይጨምር የወቅት ትምህርት ለወሎ ልጅ ግማሽ ትምህርት ነው።

ከመጽሐፉ ወጥቶ ወደ አገሩ ልማድ የሚሄድ ሰው ደግሞ ማዘንበሉን በዓይን የሚያሳይ መሣሪያ ያገኛል፤ ጥላን። በዚህ ደጋ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሰዓት ከመምጣቱ በፊት ቀኑን በጥላ ሲለካ ኖሯል። በቤተ ክርስቲያን በኩል የጾም ቅዳሴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ በመሆኑ፣ ካህናቱ ቆመው የራሳቸውን ጥላ በእግር እየለኩ ሰዓቱን ያውቁ ነበር። በመስጊድ በኩል ደግሞ የዙህር ወቅት የሚገባው ፀሐይ ከመካከል ስታዘነብል፣ የዐስር ወቅት የሚገባው በብዙ ሊቃውንት ዘንድ የአንድ ነገር ጥላ በቀትር ከነበረው በላይ የዕቃውን ቁመት ያህል ሲረዝም ነው። ይህን ለማወቅ በየቀኑ ጥላ መመልከት የግድ ነው። እዚህ አገር ቂብላ ወደ ሰሜን፣ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ያዘነበለ ነው፤ መካ ከወሎ በስተሰሜን ናትና። ስለዚህ በበጋ ወራት የቀትር ጥላ ወደ ቂብላ አቅጣጫ ይወድቃል፤ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ ግን ጥላው ተገልብጦ ወደ ደቡብ፣ ወደ ሰጋጁ ጀርባ ይዞራል። ጥላን በየቀኑ የሚመለከት ሰው ይህን መገልበጥ ሳያየው አይቀርም። ፀሐይ በዓመት ውስጥ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ መመላለሷን ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም፤ መሣሪያውም አንድ ቀጥ ያለ እንጨት ነው።

እዚህ ላይ ከባድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ የጥንቱ ትምህርት ይህን ያህል የተመላ ከሆነ ስሕተትስ አልነበረበትም ወይ? ነበረበት፤ ማስረጃውም ለጉዳያችን ጠቃሚ ነው። መጽሐፈ ሄኖክ ከ72ኛው ምዕራፍ ጀምሮ ፀሐይ በስድስት የምሥራቅ በሮች እንደምትመላለስ ይተርካል። ዕለቱንም በ18 ክፍል ከፍሎ፣ በረጅሙ ቀን ቀኑ 12 ክፍል፣ ሌሊቱ ስድስት ክፍል ይሆናል ይላል፤ ማለትም ቀኑ የሌሊቱን እጥፍ ይረዝማል። ይህ ቁጥር ከጥንታዊት መስጴጦምያ የሥነ ፈለክ ስሌት ጋር የሚዛመድ ነው። በኢትዮጵያ ሰማይ ሥር ቀን የሌሊት እጥፍ ሆኖ አያውቅም። ሊቃውንቱ መጽሐፉን በክብር ጠብቀው ለዓለም አቆይተውታል፤ ሙሉው በግዕዝ ብቻ መገኘቱም ትልቅ ባለውለታ ያደርጋቸዋል። ነገር ግን ከሌላ ኬክሮስ የመጣ ሰንጠረዥ ከደጃቸው ሰማይ ጋር ሳይመሳከር ሲነበብና ሲተረጎም ኖሯል። በአንጻሩ ሕዝቡ ሰዓቱን ከፀሐይ መውጫ ጀምሮ ይቆጥራል፤ ይህ አቆጣጠር የሚሠራው ፀሐይ የምትወጣበት ሰዓት ዓመቱን ሙሉ ብዙም በማይለዋወጥበት አገር ስለሆነ ከምድሩ ጋር የተስማማ ነው። መጽሐፉ የሌላ አገር፣ ልማዱ የዚህ አገር፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲኖሩ ማንም አላጋጫቸውም።

ዘመናዊው ትምህርት ቤትም ይህንኑ ደገመው ብዬ አምናለሁ። በ1900 ዓ.ም. የምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት መምህራኑ ከግብፅ መጡ፤ ከጣሊያን ወረራ በኋላ የእንግሊዝ፣ የሕንድና የአሜሪካ መምህራን ተከተሉ፤ በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ደግሞ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት በፕላዝማ ስክሪን በእንግሊዝኛ ይተላለፍ ጀመር። እነዚህ ሰዎች የደከሙት ድካም የሚናቅ አይደለም። ሆኖም በሁሉም ዘመን የወቅቱ ሥዕል አራት ክፍል ያለው፣ አንዱ በረዶ የለበሰ፣ አንዱ ቅጠሉ የረገፈ የሰሜን አገር ሥዕል ሆኖ ቆይቷል። ተማሪው እንደ ቀደሙት ሊቃውንት የባዕዱን ሰንጠረዥ በአንድ እጁ፣ የአገሩን ትዝብት በሌላ እጁ ይዞ ሁለቱን ሳያጋጥም ያልፋል።

ትዝብቱ ካለ ምክንያቱ ቢሳሳት ምን ጉዳት አለው የሚል ሰው ይኖራል፤ ገበሬው ደጋ ለምን እንደሚበርድ ባያውቅም ገብሱን በቦታው ይዘራል። መልሱን ያስተማረን ወባ ነው። ደገኛው ከክረምት መውጫ በኋላ ወደ ቆላ መውረድ፣ በተለይም ሸለቆ ውስጥ ማደር ንዳድ እንደሚያመጣ ጥንትም ያውቅ ነበር። የዓባይንና የተከዜን ሸለቆ ያቋረጡ የውጭ መንገደኞች አጃቢዎቻቸው እዚያ ለማደር እንደሚፈሩ በየዘመኑ ጽፈዋል። የቆላ መሬቱን የሚያርሰው ደገኛ ቀን ሠርቶ ማታ ሽቅብ መመለስን ይመርጣል። ይህ ልማድ ስንት ሕይወት እንዳተረፈ መገመት አያዳግትም፤ ትንኟ የምትናከሰው በአብዛኛው ሌሊት ነውና። ምክንያቱ ግን የቆላው አየር፣ ሙቀቱ፣ ሽታው ነው ተብሎ ይታመን ነበር። አውሮፓም ቢሆን እስከ 19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ከዚህ የተሻለ አያውቅም ነበር፤ ሐኪሙ ላቨራን የወባውን ተውሳክ በሰው ደም ውስጥ ያየው በ1880፣ ሮናልድ ሮስም በትንኝ ሆድ ዕቃ ውስጥ ያገኘው በ1897 እ.ኤ.አ. ነው። ደጋው የሚጠበቀው አየሩ ንጹሕ ስለሆነ ሳይሆን ስለሚበርድ ነው። ገዳዩ የወባ ዓይነት፣ ፋልሲፓረም፣ በትንኟ ውስጥ ለማደግ ሙቀት ይፈልጋል፤ ከ16 ዲግሪ ገደማ በታች እድገቱ ይቆማል።

በልማድ ብቻ የተጠበቀ ሰው የሚወድቀው ሁኔታው ሲለወጥ ነው። በ1950 ዓ.ም. ክረምትና በቀጣዩ ጥቢ፣ ከተለመደው የበለጠ ሙቀትና ዝናብ በደረሰበት ጊዜ፣ ወባው ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ወዳለው፣ ሰው ጤነኛ ነው ብሎ ወደሰፈረበት አገር ወጣ። በዚያ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመና 150 ሺህ ያህል እንደሞተ ተገምቷል። ቆላ ያልወረደ ሰው በገዛ ቤቱ ተኝቶ ሞተ። ከፍታውን እንጂ ሙቀቱን፣ አየሩን እንጂ ትንኟን ያላወቀ ልማድ ለዚያ ዓመት የሚሆን መከላከያ አልነበረውም። የወባ ማጥፋት አገልግሎት የተቋቋመውም ከዚያ እልቂት በኋላ፣ በ1959 እ.ኤ.አ. ነው። የአየር ንብረት እየሞቀ ባለበት በዛሬው ዘመን የዓባይ ሸለቆ አፋፍ ላይ የሚማር ልጅ ደጋ ለምን እንደሚበርድ በትክክል ማወቁ የፈተና ጉዳይ ብቻ አይደለም።

የተሳሳተ ነው ተብሎ የሚናቅ ትዝብትም አንዳንዴ እውነት ይዞ ይገኛል። በኢትዮጵያ ወባ የሚይዘው እሸት በቆሎ ወይም የበቆሎ አገዳ በመብላት ነው የሚል እምነት በብዙ አካባቢ አለ፤ የጤና ባለሙያዎችም ይህን ሲሰሙ ወዲያው ያርማሉ። ማረማቸው ልክ ነው፤ በቆሎ በመብላት ወባ አይያዝም። ነገር ግን በ2000 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት፣ በአገራችን ወባ የምታስተላልፈው የአኖፌለስ አራቢየንሲስ ትንኝ እጭ ውኃ ላይ የረገፈ የበቆሎ ጽጌ ብናኝ ስትመገብ ቶሎና በብዛት እንደምታድግ ታወቀ። በጎጃም ቡሬ አካባቢም የበቆሎ እርሻ መስፋፋትና የወባ መብዛት የተያያዙ ሆነው ተገኝተዋል። ገበሬው በቆሎና ወባ አብረው እንደሚመጡ ያየው እውነት ነበር፤ የሳተው መንገዱን ነው። እንዲህ ያለውን ትዝብት ስሕተት ነው ብሎ መዝጋት ሳይንስ አይደለም። ምን አየህ፣ መቼ አየህ፣ ሌላ ምክንያት ሊኖረው ይችላል ወይ ብሎ መጠየቅ ነው ሳይንስ።

ከመምህራን የሚቀርበው የመጨረሻው ተቃውሞ ተግባራዊ ነው። መጽሐፉ ለአገሩ ሁሉ አንድ ነው፤ ፈተናውም አንድ ነው፤ ክፍሉ በተማሪ የተጨናነቀ ነው፤ መምህሩ ስለ መካነ ሰላም ጥላ የሚያስተምርበት ጊዜ ከየት ያመጣል? ችግሩ እውነት ነው፤ በተለይ የሰሜኑ ጦርነትና ከዚያ በኋላ የመጣው ግጭት ብዙ የአማራ ክልል ትምህርት ቤቶችን ባፈረሰበትና በዘጋበት ጊዜ ከመምህሩ ላይ ተጨማሪ ሸክም መጫን ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን የተሸመደደ መልስ ለፈተናም ቢሆን አስተማማኝ አይደለም። ጥያቄው ትንሽ ዞር ብሎ ሲመጣ ተማሪው ወደ ምድጃው ዳር ምክንያቱ ይመለሳል፤ የሃርቫርድ ተመራቂዎችም የተመለሱት ወደዚያው ነው። ለጥላው ትምህርት የሚያስፈልገው ደግሞ ቤተ ሙከራ፣ መብራትም ሆነ ኢንተርኔት አይደለም።

ስለዚህ ከማሻ እስከ መካነ ሰላም፣ ከአጅባር እስከ አቀስታ ላሉ የሳይንስ መምህራን የማቀርበው ልመና ይህ ነው። በሚያዝያ 10 አካባቢ፣ ሰማዩ በጠራ ቀን፣ በትምህርት ቤቱ ግቢ አንድ እንጨት በቱንቢ አቅንታችሁ ትከሉ። በዚህ አካባቢ ፀሐይ ከቀኑ መካከል የምትደርሰው በሰዓታችን 6 ሰዓት ከ25 ገደማ ነው፤ በዚያች ደቂቃ እንጨቱ ጥላ አይኖረውም። ከዚያ በፊት በመጋቢት፣ ከዚያም በኋላ በግንቦትና በሰኔ በተመሳሳይ ሰዓት ጥላውን ለክታችሁ አቅጣጫውን ተማሪዎቹ ራሳቸው እንዲመዘግቡ አድርጉ። መጽሐፉን የምትከፍቱት ከዚያ በኋላ ይሁን።